የሃይማኖት ነጻነት የመንግሥት ችሮታ አይደለም

ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም በየጊዜው ከሚደርሰን ቃል አንዱ፣ መንግሥት የሃይማኖት ነጻነትን «ያበረታታል»፣ «ያስፋፋል»፣ «ያጎናጽፋል» የሚለው ነው። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ሰጪና ተቀባይ ባለበት ነሺም አይጠፋም፤ የሰጠ እጅ ውለታውን ይቆጥራል፣ በከፋው ቀን ደግሞ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት አቋም እንግዲህ ይህ ነው፦ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚለው ጥያቄ በሀገራችን የተነሣው ከሕዝብ ወገን ነው፤ ከ50 ዓመታት ወዲህም ጥያቄውን ከሕዝብ እጅ የነጠቁት «መለስንላችሁ» ባዮቹ መንግሥታት ናቸው።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ በኮልፋክስ ጎዳና ግራና ቀኝ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው አሮጌ ሠፈር የምንመላለሰውም ጭምር፣ እንደየእምነታችን የምንሰበሰብበት ደጅ አናጣም። በነዚህ ደጆች የፊርማ ወረቀት ይዞ የሚቆም ወገንም አይጠፋም። አንደኛው ወረቀት የአሜሪካ መንግሥት በሀገራችን የሃይማኖት ጉዳይ እጁን እንዲያስገባ ይጠይቃል፤ ሌላው የአዲስ አበባው መንግሥት በአንዱ ሲኖዶስ ወይም በአንዱ መጅሊስ ላይ እንዲፈርድ ይማጸናል። አድራሻቸው ይለያይ እንጂ ልመናቸው አንድ ነው። አንዳንድ ጓዶች ደግሞ «ተማሪን የቄስና የሼህ ነገር ምን አገባው?» ብለው ዳር ይቆማሉ። እነዚህ ጓዶች በ1966 ዓ.ም. የሚያዝያ ወር አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ምን ነበር? ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ የሚባልለት ሥርዓት ቤተ መንግሥቱንና ቤተ ክህነቱን በአንድ ጉልት ያሰረ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አቆመ፤ መንግሥት እንዲረዳት፣ የንጉሠ ነገሥቱም ስም በጸሎቷ ሁሉ እንዲጠራ ደነገገ። ብዙ ሰው ይህን ለቤተ ክርስቲያኒቱ የተሰጠ ክብር አድርጎ ይመለከተዋል። ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ ያነበበ ግን የክብሩን ዋጋ ያያል፤ የጳጳሳት ሹመት ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ይሁንታ አይጸናም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 398 ቤተ ክርስቲያኒቱን የሕግ ሰውነት ያላት አድርጎ ሲያውቃት፣ የቀሩትን ሃይማኖቶች በቁጥር 407 በልዩ ሕግ ይተዳደራሉ ብሎ አለፋቸው። ያ ልዩ ሕግ ስንት ዓመት እንዳስጠበቀ ኋላ እናያለን። የሙሉ ወንጌል አማኞች በ1959 ዓ.ም. እንመዝገብ ብለው ቢያመለክቱ ተከለከሉ። ሙስሊሙ ወገናችን ደግሞ በገዛ ሀገሩ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» እየተባለ፣ ለጊዜው እንዳረፈ እንግዳ ይጠራ ነበር። ሀገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው የሚለው ቃል የተሰማውም ከዚሁ ቤተ መንግሥት መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የፈሰሰው ሰልፍ የዚህ ሁሉ ምላሽ ነበር። ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ ወጣ፤ ክርስቲያኑም ተማሪውም ከሙስሊሙ ጎን ተሰልፎ ነበር። ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ተባለ። ልብ እንበል፤ ሰልፈኛው በአንዱ መንግሥታዊ ሃይማኖት ፈንታ ሌላ መንግሥታዊ ሃይማኖት አልጠየቀም። ቤተ ክርስቲያን ትዘጋ ያለም የለም። መንግሥት ከመቅደሱም ከመስጊዱም ደጅ ዞር ይበል ነበር ያለው። ከዚህ የጠራ አቋም በሀገራችን የፖለቲካ ታሪክ በአደባባይ የተሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ተማሪን ምን አገባው ለሚሉንም መልሳችን ያ ሰልፍ ነው።

ደርግ ሥልጣን እንደያዘ የዚህን ጥያቄ አንድ ገጽ ፈጸመ። ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ የቤተ ክርስቲያኒቱም ጉልት አብሮ ቀረ። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር፤ ዛሬም አንክደውም። ነገር ግን ጉልቱ ከቤተ ክህነት እጅ ሲወጣ የሹመቱ ቁልፍ ከቤተ መንግሥት እጅ አልወጣም። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረደ። ከተቆጠረባቸው ጥፋት አንዱ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ የሚል ነበር። በዚህ ክስ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ንጉሡን ያወረደ መንግሥት፣ ጳጳስ ያለ እኔ ፈቃድ አይሾምም ሲል ምን ማለቱ ነው? የንጉሡ ሕገ መንግሥት ተሽሯል፤ የንጉሡ ሥልጣን ግን ካባውን አውልቆ ካኪ ለብሶ ተቀምጧል።

የቀረው ከዚሁ የተከተለ ነው። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ሬዲዮ ጣቢያ ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። (የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን ሠፈሩን እስከ ዛሬ ብሥራተ ወንጌል ብሎ ይጠራዋል።) በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ክረምት እስር ላይ እንዳሉ ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የ1979ኙ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 የእምነት ነጻነት የተረጋገጠ መሆኑን፣ መንግሥትና ሃይማኖትም የተለያዩ መሆናቸውን አወጀ። በዚያው አንቀጽ ላይ ግን ነጻነቱ የመንግሥትንና የአብዮቱን ጥቅም በሚፃረር መንገድ ሊሠራበት አይችልም የሚል ተጨመረ። የችሮታ ነጻነት ከነማሰሪያው የሚሰጥ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምስክር አናውቅም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 እንከን አይወጣለትም። መንግሥታዊ ሃይማኖት የለም፤ መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ይህ በተጻፈ በ17ኛው ዓመት፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው የሙስሊሞች ተቃውሞ በየዓርቡ በመስጊዶች ተሰማ። መንግሥት የአሕባሽን አስተምህሮ በሥልጠና ስም እየጫነብን ነው፣ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን በመስጊዳችን እንምረጥ ነበር ጥያቄው። መልሱ በሐምሌ ወር የሕዝቡን ተወካዮች ማሰር ሆነ። በመስከረም 2005 ዓ.ም. የመጅሊስ ምርጫ ተደረገ፤ የተደረገውም በቀበሌ ነበር። አንባቢ ይፍረድ፤ የአማኞች መሪ ምርጫ ቀበሌ ውስጥ ምን ይሠራል? በ2007 ዓ.ም. ተወካዮቹ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ክሱ ሽብርተኝነት ሲሆን፣ ሃይማኖታዊ መንግሥት ለማቋቋም አሲረዋል ተባለ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ ያለው ወገን ሊያዋህዳቸው ነው ተብሎ፣ በቀበሌ መጅሊስ ባስመረጠው ወገን ተከሰሰ!

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። ዱላው ቀርቶ ሽምግልና ሆነ። በሐምሌ ወር የሀገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶስ በዋሽንግተን ታረቁ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስደት የኖሩት አቡነ መርቆሬዎስ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ለሙስሊሙም የመጅሊስ ጠብ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ በዚያው ቢሮ አነሳሽነት ተቋቋመ። ዕርቅ መልካም ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ የሀገር ቤት፣ የስደት፣ ገለልተኛ እየተባለ አንድ ቅዳሴ በሦስት ደጅ ሲቀደስ የኖረን ሕዝብ ዕርቅ ደስ ቢያሰኘው የሚገርም አይደለም። ነገር ግን አስታራቂው ማን ነው? ሠራዊት ያለው፣ ግብር የሚሰበስብ፣ መሬት የሚሰጥና የሚነሣ አስታራቂ እንደ መንደር ሽማግሌ ታርቆ ወደ ቤቱ አይሄድም። የመንደር ሽማግሌ ምርቃቱን ሰጥቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይነሣል፤ መንግሥት ግን ባለውለታ ሆኖ ይቀመጣል።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ፓርላማው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትንና የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልን በአዋጅ የሕግ ሰውነት ሰጣቸው። እነሆ ከ1952 እስከ 2012 ሲቆጠር 60 ዓመት! ለሁለቱ ወገኖች የዘገየ ፍትሕ ነው፤ ደስታቸውን አንነፍጋቸውም። ሕጉ የተሠራበት መንገድ ግን የአሮጌው ሥርዓት መንገድ ነው። አንድ ለሁሉም የሚሆን፣ ማንኛውም የአማኞች ጉባኤ መስፈርቱን አሟልቶ ያለ ማንም በጎ ፈቃድ የሚመዘገብበት ሕግ በማውጣት ፈንታ፣ ለእያንዳንዱ ታላቅ ቤት በየስሙ አዋጅ ይታደላል። ከካውንስሉ ውጭ መሆን የሚፈልግ አማኝስ? መጅሊሱ አይወክለኝም የሚልስ? እርሱ የማንን ደጅ ይጠና?

ሽምግልናው የት እንደሚያደርስ በ2015 ዓ.ም. ታየ። ጥር 14 ቀን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ ሲኖዶሱም አወገዛቸው። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከተሾሙት ወገን የቀረበው በአፍ መፍቻ ቋንቋ የመገልገል ጥያቄም ቢሆን እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን የአማኞቹ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለካቢኔያቸው በሰጡት ማብራሪያ በሁለቱም ወገን እውነት እንዳለ ተናገሩ፤ ሲኖዶሱ ይህን በይፋ ተቃወመ። በቀኖና ጉዳይ ማን እውነት እንዳለው የመመዘን ሥልጣን ለካቢኔ ማን ሰጠው? ከዚያ በኋላ በሻሸመኔ ሰዎች ተገደሉ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የፀጥታ ኃይሎች ከመጠን ያለፈ ኃይል መጠቀማቸውን ገለጸ። ማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ለወራት ተዘጉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ በሸገር ከተማ መስጊዶች ፈረሱ፤ ይህን በተቃወሙት ላይ በአንዋር መስጊድ ደም ፈሰሰ።

«ታዲያ መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይይ ወይ?» የሚሉን አሉ። አይደለም። ምእመን በደጀ ሰላሙ እንዳይገደል፣ መስጊድ ያለ ፍርድ እንዳይፈርስ መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ይህን ካላደረገ ለምን ግብር ይከፈለዋል? ያየነው ግን ተገልብጦ ነው። ሊገኝ በሚገባው በሻሸመኔ አደባባይ ጠባቂ ሆኖ አልተገኘም፤ ሊገባ በማይገባው በሲኖዶሱ ጉባኤ መካከል ግን ሚዛን ይዞ ተቀመጠ። ጣልቃ ገብነት የምንለው ይህን ነው፤ ጥበቃና ዳኝነትን እየደባለቁ የሚከራከሩን ሰዎች ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አይመስለንም።

አሁን ወደምንኖርበት ሀገር እንመለስ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1791 ዓ.ም. ሲጸና ምክር ቤቱን ሃይማኖት እንዳያቋቁም፣ አምልኮም እንዳይከለክል አገደው። ቃሉ መንግሥትን የሚከለክል እንጂ ለመንግሥት ሥራ የሚሰጥ አይደለም፤ ትርጉሙም ለስደተኛ ሁልጊዜ የሚጥም አልሆነም። የኒውዮርክ ምክር ቤት በኒውዮርክ ያለው የሩሲያ ኦርቶዶክስ ካቴድራል ከሞስኮው ፓትርያርክ እጅ ወጥቶ በአሜሪካ ላሉት ወገኖች እንዲሆን በሕግ ወሰነ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበር፤ ሞስኮን የሚወድ አልነበረም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1952 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ሕግ ሻረው፤ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የምክር ቤት ጉዳይ አይደለም አለ። የሰርቢያው ጳጳስ ዲዮኒሲዬ ከቤልግሬድ ሲሻሩ የኢሊኖይ ፍርድ ቤት ሽረቱ ሥርዓት አልጠበቀም ብሎ ቢደግፋቸው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንንም ገለበጠው። ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ደርግ አቡነ ቴዎፍሎስን ባወረደበት በዚያው ዓመት! እዚሁ ዴንቨር ውስጥም የቅድስት ማርያም ደብር ከኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ ሕንጻውን ይዞ ሊቀር ሲል፣ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 የርስቱን ሰነድና የማኅበሩን ደንብ መርምሮ ሕንጻው የሀገረ ስብከቱ ነው አለ፤ የትኛው ወገን በእምነቱ ትክክል ነው ወደሚለው ግን አልገባም።

ይህ ዳኝነት ሙሉ ፍትሕ ነው አንልም። ፓትርያርኩን ራሱን መንግሥት አስቀምጦት ከሆነ፣ የፍርድ ቤቱ ዝምታ አስቀማጩን መጥቀሙ አይቀርም፤ ሩሲያውያኑ ስደተኞች የጮኹትም ይህንኑ ነበር። ቢሆንም ሌላኛው መንገድ የከፋ ነው። ዛሬ ለእኛ የሚፈርድ ካቢኔ ነገ በእኛ ይፈርዳል። አማኝ ግን ወጥቶ ሌላ ደጅ መትከል ይችላል፤ ሕንጻው ይቀርበታል፣ ዋጋው ይህ ነው። በዚህች ከተማ በአዳራሽ ኪራይ የጀመሩ ወገኖቻችን ዋጋውን ያውቁታል።

አሜሪካን የነጻነት መምህር አድርገን ልናቀርብ ፈልገን አይደለም። ይህች ኮሎራዶ በኩ ክለክስ ክላን ድጋፍ የተመረጠ ክላረንስ ሞርሊ የሚባል አገረ ገዥ እ.ኤ.አ. በ1925 ነበራት። ሰውዬው በመጠጥ ክልከላው ሕግ ስም ለቅዳሴ የሚሆነውን ወይን ሳይቀር ሊያስከለክል፣ በዚህም የካቶሊኮችን ቅዳሴ ሊያስቆም ሞከረ፤ አልሆነለትም። የክላኑ አባል የነበረው የዴንቨር ከንቲባ ቤንጃሚን ስቴፕልተን ስሙ ለአየር ማረፊያው ተሰጠ። እ.ኤ.አ. እስከ 1995 ወደዚህ ከተማ በአውሮፕላን የመጣ የእኛ ስደተኛ ሁሉ የረገጠው በእርሱ ስም የሚጠራውን ምድር ነው። ከኦሪጅናል ኦሮራ ጋር የሚዋሰነው፣ በአሮጌው አየር ማረፊያ ላይ የተሠራው ሠፈር ስሙን ወደ ሴንትራል ፓርክ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

የዛሬውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የዋሽንግተኑ መንግሥት የኢሚግሬሽን ፖሊስ በአምልኮ ቤቶች ሰው እንዳይዝ የሚገድበውን መመሪያ አነሣ። የካቲት 5 ቀን በዴንቨርና በኦሮራ የመኖሪያ ሕንጻዎች ላይ አሰሳ ተደረገ። በማግስቱ የካቲት 6 ቀን ፕሬዚዳንቱ በክርስቲያኖች ላይ የሚደረግን አድልዎ ያስወግዳል የተባለ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ በግንቦት መጀመሪያ ደግሞ የሃይማኖት ነጻነት ኮሚሽን ተከተለ። ቅዳሴ ለመሄድ የሚፈራን ስደተኛ ክርስቲያን ይህ ግብረ ኃይል ከማን ይጠብቀዋል?

የፊርማውን ወረቀት የሚያዞሩት ወገኖች ለዚሁ መንግሥት ነው የሚጽፉት። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የሃይማኖት ነጻነት የሚረግጡትን ሀገሮች በየዓመቱ እንዲመዘግብ ያዛል። ጎረቤታችን ኤርትራ ከ2004 ጀምሮ በዚያ መዝገብ ላይ አለች። የኤርትራ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ አንጦንዮስ በ2006 ከመንበራቸው ተሻሩ፤ ከዚያም በቤታቸው ታግተው ኖረው በ2022 እዚያው ዐረፉ። ሀገራቸው በመዝገብ ላይ ነበረች፤ መዝገቡ ግን በራቸውን አልከፈተም። መዝገቡ ይቅደድ አንልም፤ የተበደለ ሰው ስም የሚጻፍበት ወረቀት ሁሉ ይጠቅማል። የምንቃወመው የአማኞችን ትግል ወደ ባዕድ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ጠቅልሎ ማስረከብን ነው።

ከዚህ የሚሻለውን የሠሩት ባለሙያዎች አይደሉም፤ የሥጋ ፋብሪካ ወዛደሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 በግሪሊ፣ በ2015 መጨረሻ በፎርት ሞርጋን፣ ከዴንቨር ሰሜን ምሥራቅ በሚገኙት በነዚህ ከተሞች የሚሠሩ ሶማሌ ሙስሊሞች ለሶላት ጊዜ ጠይቀው ተጣሉ፤ በፎርት ሞርጋን ብቻ 150 ያህሉ ከሥራ ተባረሩ። አንድ ሆነው ቆሙ፣ ከሰሱም። የፎርት ሞርጋኑ ጉዳይ በ2018 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር፣ የግሪሊው በ2021 በ5.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። እርግጥ የመንግሥት ሕግ ረድቷቸዋል፤ ለማንኛውም ሠራተኛ እኩል የወጣ ሕግ ነው። ሥራውን ትተው በራፍ ላይ የቆሙት ግን እነርሱ ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ በየደጁ የሚዞሩትን ሁለቱንም ወረቀቶች አንፈርምም። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቁጥር 398ና 407 ተሽረው፣ ለማንኛውም የአማኞች ጉባኤ አንድ የምዝገባ ሕግ ይውጣ የሚል ወረቀት ቢመጣ እንፈርማለን። የሲኖዶስም የመጅሊስም የካውንስልም ምርጫ የመንግሥት ባለሥልጣን በሌለበት፣ ከቀበሌ አዳራሽ ውጭ ይካሄድ የሚል ቢመጣ እንፈርማለን። በሻሸመኔና በአንዋር የተኮሱት ለፍርድ ይቅረቡ የሚለውንም፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገጽ ላይ የሚፈርሙበት ከሆነ፣ ይዘን በየቤቱ እናዞረዋለን። ለራሳችንም ደጅ አንድ ነገር እንጠይቃለን፤ የኦሮራና የዴንቨር አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ቦርዶች የኤምባሲ ሰውም ሆነ የፖለቲካ ድርጅት ተወካይ ከቅዳሴና ከጁምዓ በኋላ መድረክ እንዳይሰጠው በመተዳደሪያ ደንባቸው ይጻፉ። ደንቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ሊወሰን የሚችል ነው፤ የማንንም መንግሥት ፈቃድ አይጠይቅም።